መብራት የማይበላው ሳጥን

ጋሽ ታዲዮስ ያንን ሳጥን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ከትልቅ የድፎ ዳቦ የማይበልጥ የእንጨት ሳጥን ነው። ፊቱ ላይ አራት የሚዞሩ ቁልፎች አሉ፣ ከጀርባው ሁለት ቀዳዳ አለ፤ በአንዱ ድምፅ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። ዞር ዞር ብዬ የመብራት ገመዱን ፈለግሁ፤ የለውም።

«ጋሼ፣ ይሄ በምንድነው የሚሠራው?» አልኳቸው።

«ይሄማ ጿሚ ነው» አሉኝ፤ «መብራት አይበላም።»

በዚያው ጿሚው ተብሎ ቀረ። ትክክለኛ ስሙ ኢኳላይዘር እንደሆነ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ያንን ስም ሳውቅ ግን ጸባዩን ከነዓመሉ ለምጄው ነበር።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ስቱዲዮውን ከእኔ የተረከበው ወጣት ነው። ጡረታ ወጥቼ ቁልፉን ላስረክብ በሄድኩበት ቀን ኮምፒውተሩን ከፍቶ አንድ ሥዕል አሳየኝ። ሳጥን ነው፤ ቁልፎች አሉት፤ በጣቱ ሲነካቸው ይዞራሉ። «እማማ አስካለ፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ድምፅ ያሞቃል» አለኝ። ሳቄ መጣ። ጿሚው ምንም አያሞቅም ነበር። ያሞቀው እንደሆነ የራሱን ሆድ ነው እንጂ ድምፁን አይደለም። ይህን ለማስረዳት ብጀምር አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁለት፤ ቡናው ቀዘቀዘበት፣ ልጁ ግን ጨዋ ነው፣ አላቋረጠኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ፣ የቀረውን ደግሞ ልጻፈው አልኩ።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባቴ ከጎጃም መጥተው ኮልፌ የሰፈሩ አናጢ ነበሩ፤ እናቴ ደግሞ የሸዋ ሰው ናት። በሰባዎቹ መጀመሪያ ላይ ጦር ኃይሎች አጠገብ አቶ ፈለቀ የሚባሉ ነጋዴ የካሴት መሸጫ ነበራቸው፤ እዚያ ሻጭ ሆኜ ገባሁ። አቶ ፈለቀ ወላጆቻቸው ከደቡብ ምዕራብ መጥተው በንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲያዩአቸው ቁጡ ይመስላሉ፤ የሚቆጡት ግን በመብራት ቆጣሪው ላይ ብቻ ነው። ሱቁ ባዶ ከሆነ አምፖል ያጠፋሉ። ደንበኛ ሲገባ ያበራሉ። ሰው መጥቶ ሳይገዛ ሲወጣ አምፖሉን እንደ ከዳተኛ ያዩታል።

ሥራውን የተማርኩት ከተበላሹ ካሴቶች ነው። ሰው ቴፑ የተበላበትን ካሴት ይዞ ይመጣል። እኔ በጥፍር ከፍቼ፣ የተጨማደደውን በቢክ እስክሪብቶ አጠንጥኜ፣ የተቆረጠውን በጥፍር ቀለም አጣብቄ እመልስለታለሁ። ማንም አላስተማረኝም። የመጀመሪያዎቹን ገድያቸዋለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ቀድሞም ሞተዋል ብለው ስለነበር አልከሰሱኝም። አቶ ፈለቀ ይህን አይተው ይመስለኛል፣ ኮልፌ ገበያው ጀርባ ቤት ተከራይተው የቀረጻ ክፍል ሲከፍቱ «አንቺ እዚያ ሂጂ፣ እጅሽ ቀጭን ነው» ያሉኝ።

ቤቱ የጭቃ ነው። መሐሉን በሳንቃ ከፍለን፣ ሳንቃው ላይ ጭድ የሞሉ ጆንያዎች ደረደርን። በወዲያ በኩል ዘፋኙ፣ በወዲህ በኩል እኛና ማሽኖቹ። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ስለሚጮህ ክረምት ላይ የምንቀዳው በዝናብ ፈቃድ ነበር። ደሞዙ ስለሚዘገይ አንዳንዴ በካሴት ይከፈለኝና ሸጬ እበላለሁ። ግጥሙ ሁሉ በመንግሥት ሳንሱር ታይቶ ማኅተም ካላረፈበት አይባዛም፤ እሱ የአቶ ፈለቀ ራስ ምታት ነበር እንጂ የእኔ አልነበረም።

ጋሽ ታዲዮስ ወደዚያ ቤት የመጡት ዕድሜያቸውን ሬዲዮ ሲጠግኑ ከኖሩ በኋላ ነው። ጿሚውን ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ሆዱ ውስጥ በእጃቸው የጠመጠሙት የመዳብ ሽቦ፣ ከሞቱ ሬዲዮኖች የነቀሏቸው ኮንደንሰሮችና ጥቂት ሌላ ነገር ነው ያለው። ወፍራሙን ድምፅ የሚመለከቱ ሁለት ቁልፎች፣ ቀጭኑን የሚመለከቱ ሁለት ቁልፎች፤ በቃ።

ያስተማሩኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው። «ወንፊት ዱቄት ይጨምራል?» አሉኝ። አይጨምርም አልኩ። «ይሄም አይጨምርም። ቀጭኑን ከፍ አደረግሁት ብለሽ እንዳትሞኚ። መጀመሪያ ሁሉንም ዝቅ ያደርገዋል። ከዚያ ቁልፉን ስታዞሪ፣ ከወሰደው ላይ ያንን ያህል ይተውልሻል። ጨመርኩ ያልሽው ያልቀነስሽው ነው።»

እውነትም ድምፅ በጿሚው ካለፈ በኋላ እንደ ሕመምተኛ ደክሞ ነው የሚወጣው። ከኋላው ማጉያ ማሽን ይቀመጥና ያነሳዋል። ማጉያው ሲያነሳው ደግሞ ሹሹታውንም፣ ያንን ከጀርባ ሽሽ የሚለውን ድምፅ፣ አብሮ ያነሳዋል። ስለዚህ ብዙ የቀነሰ ሰው ብዙ ሹሹታ ይከፍላል። ጋሽ ታዲዮስ አንድ ሌላ ነገርም ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር፤ ሳጥኑ የራሱ መብራት ስለሌለው ጸባዩ ከኋላው በሚቀመጠው ማጉያ ይወሰናል። ማጉያው ከተለወጠ ቁልፉ ያው ቦታ ላይ ሆኖ ድምፁ ሌላ ይሆናል። «ጎረቤቱን ሳታዪ ጸባዩን አትፍረጂ» ይሉ ነበር።

ሌላ ዓመልም ነበረው። የመዳቡ ጥቅል ከማሽኖቹ ትራንስፎርመር ጉርምርምታ ይስባል። ያን ጊዜ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ ቀስ እያልን እናዞረዋለን። አንድ ቦታ ላይ ጉርምርምታው ይጠፋል። በእኛ ክፍል ዝም የሚለው ፊቱን ወደ ምሥራቅ ሲያዞር ነበር። አቶ ፈለቀ ይህን ባዩ ጊዜ «ሌላው ቢቀር ጸሎቱን አያስታጉልም» አሉ።

የጋሽ ታዲዮስን ልማድ ላውራ፤ ከእሳቸው የቀረኝ ሀብት እሱ ነውና። አንደኛ፣ ሲያዳምጡ ጀርባቸውን ለድምፅ ማጉያው ይሰጣሉ። ዓይን ጆሮን ይቀማል ባይ ናቸው። ሁለተኛ፣ አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ሳይሰሙ ቁልፍ አይነኩም። እጃቸው እንዳይፈጥን ወንበሩ ላይ መዳፋቸውን ከጭናቸው ሥር አድርገው ይቀመጡበታል። ትልቅ ሰው እጁ ላይ ተቀምጦ ሲታይ ያስቃል፤ እኔ ግን ዛሬም እንደዚያ ነው የምቀመጠው። ከሁሉ የበለጠው ሦስተኛው ነው። ቀድተን ስንጨርስ ካሴቱን ይዘው ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሄዳሉ። ባለሱቁ አንዲት የተሰነጠቀች ቴፕ ማጫወቻ ነበረችው። ካሴቱን ያስገቡና፣ አንድ ሳሙና ወይም ክብሪት ጠይቀው፣ ዘፈኑን ሳይሆን ባለሱቁን ያያሉ። ስኳር ሲሰፍር እጁ ካልቆመ ይመለሱና «ገና ነው» ይሉኛል። እጁ ከቆመ ሥራው አልቋል። አስተያየት ጠይቀውት አያውቁም። ሰው ሲጠየቅ ይዋሻል ይሉ ነበር።

ሳጥኑ እያለ ሳጥኑን አለመንካትንም ከእሳቸው ተማርኩ። አንድ የቀበሌ ኪነት ቡድን ሊቀዳ መጣ፤ መለከት የሚነፋው ጎረምሳ ዘፋኟን ውጧታል። እኔ ወዲያው ወደ ጿሚው። ጋሽ ታዲዮስ እጄን ያዙና ወደ ሳንቃው ማዶ ሄደው ጎረምሳውን ፊቱን ወደ ጆንያው አዞሩት።

«ጓድ፣ ምን አጥፍቼ ነው ግድግዳ የምታሳዩኝ?» አለ ልጁ።

«አላጠፋህም ጓድ። ግድግዳው የአንተን ያህል ጎበዝ ነፊ ሰምቶ አያውቅም፣ ንፋለት።»

ቡድኑ ሳቀ፣ ልጁ ለጆንያው ነፋለት፣ የዘፋኟ ድምፅ ወጣ። «ሰው አዙረሽ የምታድኚውን በሳጥን አትቁረጪ» አሉኝ ሲመለሱ።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ።

አጎቴ አባይነህ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ሳንሱሲ ነው የሚኖሩት። በገና ደርዳሪ ነበሩ። ለሕዝብ አይደረድሩም፤ በዚያን ጊዜ በገና በአደባባይ ብዙም አይሰማም ነበርና። ሁዳዴ ሲገባ ግን ማታ ማታ ቤታቸው በር ተዘግቶ ይደረድራሉ፤ እኛ ልጆች ሆነን መሬት ላይ ተቀምጠን እንሰማለን። የእሳቸውን አደራደር ከአባታቸው ነው ያገኙት። ከእሳቸው ደግሞ የወሰደ የለም። አንዲት ልጃቸው ጽጌ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች የምትተዳደር ናት፤ በገና ልመጂ ሲሏት «አባዬ፣ እኔ መርፌ ነው የምችለው» እያለች ታመልጣለች።

አንድ ዓመት ጾሙ ሊገባ ሲል የአጎቴ ባለቤት እትዬ የሺ ቤታችን መጡ። እናቴን ሰላም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። የአጎቴ የግራ እጅ፣ የሚደረድሩበት፣ ጣቶቹ እየደረቁ መሆኑን ነገሩኝ። ጠዋት ጠዋት በሞቀ ውሃ ነክረው ነው የሚያፍታቱት።

«አስኩ፣ እጁ ሳይሄድ ድምፁን ያዢልኝ» አሉኝ። «እኔ ካሴት ምን እንደሆነ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ ይላሉ።»

ለጋሽ ታዲዮስ ነገርኳቸው። እሳቸው ለአቶ ፈለቀ ነገሩ። አቶ ፈለቀ ለገበያ እንደማይሆን፣ ማኅተምም እንደማያገኝ ከተናገሩ በኋላ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ፤ በር ላይ ዞር ብለው «ቅዳሜ ከሰዓት እዚህ የለሁም፤ የማላየውን አላውቅም» አሉ። ከአንድ ባንድ ቀረጻ የተረፈ፣ በትልቁ መቅረጫ የሚገባ አንድ ጥሩ የጥቅል ቴፕ ነበረን። ያ ብቻ ነው። ቴፕ በዚያ ዘመን እንደ ቤንዚን ነው።

ቅዳሜ አጎቴ በገናውን በጋቢ ጠቅልለው ከጽጌ ጋር መጡ። ጋሽ ታዲዮስ ቆባቸውን አውልቀው ተቀበሏቸው። በገና ለማታውቁ፣ አሥር አውታር አለው፤ በእያንዳንዱ አውታር ሥር፣ አውታሩ ድልድዩን በሚነካበት ቦታ፣ እንዝራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲመታ ቆዳውን እየነካ ይንዘረዘራል። ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ያለ ድምፅ ነው። እንዝራው በጥፍር ያህል ቢሸሽ ድምፁ ይጠፋል፤ ስለዚህ ደርዳሪው ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ እየነካ ሲያስተካክል ይቆያል። በገናን በገና የሚያደርገው ያ ንዝረት ነው።

ችግራችን እዚያው ላይ ነበር። ለሙከራ በካሴት ቀዳን፤ ንዝረቱ ካሴቱ ላይ ሲገባ እንደሚቀደድ ጨርቅ ሆነ። ካሴት ያንን ሁሉ መሸከም አልቻለም። ጋሽ ታዲዮስ አሰቡ። ደህና ቴፕ ላይ እንዳለ ቀድተን፣ ኋላ ወደ ካሴት ስናሻግር በጿሚው ብንቀንስ ሹሹታው ይበዛል፤ የበገና ድምፅ ደግሞ ብዙ ዝምታ ያለው ነው፣ ዝምታው ውስጥ ሹሹታ መስማት ደስ አይልም። ስለዚህ ጿሚውን አስቀድመን፣ ከቴፑ በፊት፣ ከማይክራፎኑ ሲመጣ ቀጭኑን ትንሽ እናላዝበው አሉ። እኔም ተስማማሁ። ዛሬም ቢሆን ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም።

የራሳችን ማጉያ ግን በዚያ ሳምንት ተቃጥሎ ነበር፤ ከሠርግ ድምፅ ማጉያ አከራይ የተዋስነው ነው ከጿሚው ኋላ የተቀመጠው። ጎረቤቱ ተለውጧል። ጋሽ ታዲዮስ ይህን ስለሚያውቁ በቁልፉ ምልክት አልሄዱም፤ በጆሮ ነው የሄዱት። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ቀጭኑን ትንሽ ቀነሱ። ንዝረቱ አለ። ትንሽ ጨምረው ቀነሱ። አሁንም አለ። ማዳመጫውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እኔም ሰማሁት፣ ጥርት ብሎ አለ። ትንሽ ደግሞ ቀነስን። «አሁን ለካሴት ይሆናል» አልን።

ያልገባን ነገር ይህ ነበር። አጎቴ ከሳንቃው ማዶ አንድ እርምጃ ላይ ነው የተቀመጡት። ጭድ የዘፋኝ ጩኸት ይይዛል፣ የመለከትም ይይዛል። የበገናው ንዝረት ግን በሳንቃው ስንጥቅ ሾልኮ፣ ከማዳመጫው ጎን በቀጥታ ጆሯችን ይገባ ነበር። እኛ በማዳመጫው የሰማነው መስሎን የሰማነው ክፍሉን ነው። ቴፑ ላይ የሚገባው ሌላ ነበር።

አጎቴ ደረደሩ። ጣታቸው በዚያ ቀን ታዘዘላቸው። ጽጌ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን አቅፋ ትሰማለች። የሚያውቁትን ሁሉ ከቀዱ በኋላ የመጨረሻውን እንደጨረሱ መብራት ጠፋ። ጠበቅን፤ አልመጣም። የሳንሱሲ መንገድ ሩቅ ነው፣ ታክሲ የለም፣ ሰዓት እላፊ አለ። አጎቴ በገናቸውን ጠቅልለው ሄዱ። ጋሽ ታዲዮስ ማዶ ሱቅ ያላሰሙት ሥራ ያ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት መብራት ነበረ። ቴፑን ከፈትን። የአጎቴ ድምፅ መጣ፣ ያምራል። አውታሮቹም መጡ፤ አንድ በአንድ፣ ጥርት ያሉ፣ ንጹሕ። ንዝረት የለም። ክራር ይመስላል። ንብ የሌለው ቀፎ።

ጋሽ ታዲዮስ እጃቸው ላይ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ተነሥተው ጿሚውን ወደ ወዲህ አመጡት፣ ከቴፑ በኋላ፣ ቀጭኑን እስከ ጥግ ለቀቁት። የመጣው ሹሹታ ብቻ ነው። ቁልፉን መልሰው አዞሩት።

«ወንፊት ቢሆን እንክርዳዱ ላዩ ላይ ይቀራል፣ መልሰሽ ታገኚዋለሽ» አሉ። «ይሄ የወሰደውን ሆዱ ውስጥ አቃጥሎ ጨርሶታል። የለም።»

እንደገና እንቀዳለን ብለን ነበር። ቴፑ ያው ነው፣ በላዩ መቅዳት ይቻላል። በሚቀጥለው እሑድ ግን አጎቴን እንዲመጡ ለመጠየቅ ሳንሱሲ ስንሄድ የግራ እጃቸው ጋቢያቸው ውስጥ ነበር፤ አላወጡትም። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ አመልካች ጣታቸው መታጠፍ እንቢ ብሏል። ለማንም አልተናገሩም ነበር።

ጋሽ ታዲዮስ ከቴፑ የገለበጥነውን ካሴት አሰሟቸው። ከመንገድ መመለስ ይችሉ ነበር፤ አልተመለሱም። አጎቴ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። ጽጌ ከስፌት መኪናዋ እግሯን አነሣች። እትዬ የሺ እኔን ነው የሚያዩት።

ሲያልቅ አጎቴ እንዲህ አሉ፤ «ጣቴ አለ። በገናዬ የለም።»

ጋሽ ታዲዮስ የሆነውን ሁሉ ነገሯቸው፤ የተዋስነውን ማጉያ፣ ሳንቃውን፣ ሳጥኑን። ምክንያት አላበዙም። «እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ መመለስ አልችልም» አሉ።

«ስሙ ጿሚ ነው አሉኝ?» አሉ አጎቴ።

«አዎ።»

«በሁዳዴ ጿሚ ቤት በገና ይዤ መምጣቴ የኔ ጥፋት ነው። ይጾምብኛል አላልኩም።» ሳቁ። እኛ መሳቅ አቃተን። እትዬ የሺ ተነሥተው በገናውን ወደ ግድግዳው መልሰው ሰቀሉት። በቴፑ ላይ ሌላ ነገር አልቀዳንበትም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ታዲዮስ ጿሚውን ከመቅረጫው ማሽን መግቢያ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ቆርጠው የተሰካበትን የማሽኑን ቀዳዳ በሻማ ሰም ደፈኑት። ጿሚው የሚሰካው ከቴፑ በኋላ ብቻ ሆነ። «በመግቢያ ላይ የመጣልህን ሁሉ ተቀበል፣ መቀነስ በመውጫ ነው» ይሉ ነበር ለአዲስ ሠራተኛ። ምክንያቱን አይናገሩም። እኔ ግን ሰሙን ባየሁ ቁጥር እናገረዋለሁ በልቤ። በዚያ ክፍል ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ባንዶች መጡ ሄዱ፣ አንዳንዶቹ ታወቁ። ጋሽ ታዲዮስ ሲደክሙ ጿሚውን ለእኔ ትተውልኝ ቤታቸው ተቀመጡ። አቶ ፈለቀ ቤቱን ሲዘጉ ወደ ቤቴል አካባቢ ሌላ ስቱዲዮ ገባሁ፤ ሳጥኑን በፌስታል ይዤ። አዲሱ አለቃዬ «ይሄ የምን ዳቦ ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እዚያ ደግሞ ወደ ምሥራቅ አይደለም ዝም የሚለው፤ ወደ ኮልፌ ነው። እየዞርኩ አገኘሁት።

አጎቴ ግን በገናቸውን በቀዳንበት በዚያው ዓመት ክረምት አረፉ።

ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ጽጌ ስቱዲዮ መጣች። «ያ ካሴት አለሽ?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት። «አውታሮቹ ለየብቻ ነው የሚሰሙት» አለችኝ። «አባዬ ሲደረድር ሁሉም አንድ ላይ ስለሚንዘረዘር የቱን እንደነካ አይታወቀኝም ነበር። ካሴቱ ላይ ግን ይታወቃል። እንደ ስፌት ነው፣ ክሩ ይታያል።»

ከቴፑ አዲስ ቀዳሁላት። ጿሚውን በመውጫው ላይ ሰክቼ ወፍራሙን ጥቂት ቀነስኩ፣ የአጎቴ ድምፅ ራቅ ብሎ አውታሮቹ ወደፊት እንዲወጡላት። ያንን ሳጥን በዚያ ቴፕ ላይ በደስታ የተጠቀምኩት ያን ጊዜ ነው።

ጽጌ በገናውን ከግድግዳ አወረደች። የተበጠሱትን አውታሮች ለወጠች። ቀን ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ አመሻሹ ላይ ካሴቱን ትንሽ ታሰማለች፣ ታቆማለች፣ ወደኋላ ትመልሳለች፣ ትነካለች። የቴፗ መመለሻ ቁልፍ ተሰብሮ በእርሳስ እየገፋች ትመልስ ነበር። ሁለተኛው ሁዳዴ ሲገባ የአባቷን መዝሙሮች ሁሉ ይዛቸው ነበር። ሄጄ ሰማኋት። ጣት ለጣት የአጎቴ ነው።

«ግን ክራር ነው የሚመስለው፣ አይደል?» አለችኝ።

ነው። እንዝራዎቹን አስገብታለች፤ ቦታቸውን ግን አታውቅም። ካሴቱ ላይ የለም። የሚጠየቅ ደርዳሪም በሰፈሩ አልነበረም። እኔም ስንት ዓመት መሬት ላይ ተቀምጬ ስሰማ ኖሬ እንዲህ ነው ብዬ መናገር አልቻልኩም።

እትዬ የሺ በዚያን ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ነበር፤ አልጋቸው ላይ ነው የሚውሉት። «አምጪው ወደዚህ» አሉ ለጽጌ። ጽጌ በገናውን ይዛ አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ከጫማ ሰፊ ያመጣችውን የቆዳ ቁራጭ በመቀሷ ከረከመች፣ በመጀመሪያው አውታር ሥር አስገባች፣ ነካችው።

«አይደለም» አሉ እትዬ የሺ።

በጥፍሯ ትንሽ ገፋችው፤ ነካችው።

«አይደለም።»

በዚያ ቀን ያንን ብቻ ነው የሠሩት። በማግስቱም። ጾሙን በሙሉ፣ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ፣ ጽጌ ቆዳ ታሳሳለች፣ ትገፋለች፣ ትነካለች፤ እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው «አይደለም» ይላሉ። ቆዳውን ለወጠች፤ የአሮጌ ቦርሳ ቆዳ ሞከረች፣ የቀበቶ ሞከረች። እኔ በሄድኩ ቁጥር ያው ናቸው። አንዳንዴ እትዬ የሺ ይቆጣሉ፣ አንዳንዴ ጽጌ በገናውን አስቀምጣ ውጭ ወጥታ ትቆማለች፣ ትመለሳለች።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው እዚያ ነበርኩ። ጽጌ ቆዳውን ገፋ አድርጋ አውታሩን ነካችው። እትዬ የሺ «አይደለም» አላሉም። ጽጌ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ዓይናቸው እንደተጨፈነ ነው፣ ራሳቸውን ግን ወደ በገናው ዘንበል አድርገዋል። ደግማ ነካችው፤ አሁንም አላሉም። ትንሽ ጠበቀች።

ከዚያ መቀሷን አነሣችና ለሁለተኛው አውታር ቆዳ መከርከም ጀመረች።